ሠዓሊው አልብሬክት ዱረርና የእንጀራው ነገር

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች የሚጽፉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን በብሩሽና በመቅረጫ ብረት እየሠራ ስለ ኖረ ስለ አንድ ባለ እጅ ለመጻፍ መረጥን። ምክንያታችንም ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን እጃቸው ለሥዕል የተፈጠረ ልጆች አሉ፤ ወላጅም የልጁን ሥዕል አይቶ ከተደሰተ በኋላ፣ ይህ ልጅ ነገ ምን በልቶ ያድራል ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ይህ አሳብ የሚነቀፍ አይደለም። ከ500 ዓመት በፊት በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ይኖር የነበረው ታላቁ ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር ራሱ ይህንኑ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱረር የተወለደው በሜይ 21 ቀን 1471 ነው። ስሙ እንደ ልጁ አልብሬክት የሚባለው አባቱ ከሀንጋሪ አገር የመጣ ወርቅ አንጥረኛ ነበረ። በ1455 ኑረምበርግ ገብቶ ከአንድ የታወቀ አንጥረኛ ዘንድ ሲሠራ ቆየና በ1467 የጌታውን ልጅ ባርባራን አገባ። የቤተሰቡ ስም የመጣው ከትውልድ መንደራቸው ስም ነው። የመንደሩ ስም በሀንጋሪ ቋንቋ ከበር ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ወደ ጀርመንኛ ሲመለስ ቱረር፣ ቀጥሎም በከተማው ሰው አነጋገር ዱረር ሆነ። ሠዓሊው ኋላ ለቤተሰቡ ምልክት አድርጎ የሣለውም የተከፈተ በር ነው። ከአባትና ከእናቱ 18 ልጆች ተወልደው ለአካለ መጠን የደረሱት ሦስት ወንዶች ብቻ ናቸው። በዚያ ቤት ሞት የታወቀ ነበረ፤ ትርፍ ገንዘብ ግን አልነበረም።

ልጁ ማንበብና መጻፍ እንደ ተማረ አባቱ ከትምህርት ቤት አውጥቶ የወርቅ አንጥረኝነትን ሙያ ያስተምረው ጀመር። ከዚያ ዘመን አንድ ሥዕል ቀርቶልናል፤ በ1484፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ መልኩን በመስተዋት እያየ የሣለው ነው። የሣለውም ጫፉ ብር በሆነ ቀጭን መሣያ ነበረ። በዚህ መሣያ የተሰመረ መስመር እንደ እርሳስ አይፋቅም፤ እጅ ከተሳሳተ ስሕተቱ እንደ ታየ ይኖራል። ይህን ሥዕል ዛሬ በቪየና ከተማ በአልበርቲና ቤተ መዘክር የሚያዩ ሰዎች፣ የልጁን ድፍረት ከጥበቡ አብልጠው ቢያደንቁ አይፈረድባቸውም።

የልጁ ልብ ከወርቅ ይልቅ ወደ ሥዕል ማዘንበሉን አባትየው በተረዳ ጊዜ ቅር አለው። ያሳዘነውም ልጁ በአንጥረኝነት ያሳለፈው ጊዜ በከንቱ መቅረቱ ነበረ። ነገር ግን አልከለከለውም፤ በኖቬምበር 30 ቀን 1486 ሚኻኤል ቮልገሙት ከሚባል የከተማው ሠዓሊ ዘንድ ለሦስት ዓመት እንዲማር አስገባው። ዱረር በዚያ ብዙ ተማረ፤ ከጌታው ሠራተኞች እጅ ብዙ ግፍ እንደ ደረሰበትም ኋላ ጽፏል። የአባቱ ሐዘን ግን ያለ ምክንያት ነበረ ለማለት እንደፍራለን። የወርቅ አንጥረኛ ልጅ መቅረጫ ብረት አያያዝን ከልጅነቱ ለምዷልና፣ ዱረርን ኋላ ሀብታም ያደረገው ይኸው የብረት አያያዝ ነው።

ሌላም ዕድል ነበረው። የክርስትና አባቱ አንቶን ኮበርገር በጀርመን አገር ከታወቁት አታሚዎችና መጽሐፍ ነጋዴዎች አንዱ ሆነ። ቮልገሙትም ለኮበርገር መጻሕፍት በእንጨት የሚቀረጹ ሥዕሎችን ያዘጋጅ ነበረ። ስለዚህ ልጁ ያደገው በወርቅ ቤትና በማተሚያ ቤት መካከል ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ኅትመት በዚያን ዘመን አዲስ ነገር ነበረ፤ ወረቀትም ከብራና ይልቅ እየረከሰ ሄዷል። አንድ ሥዕል ተቀርጾ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ሊወጣለት እንደሚችል ብዙ ሠዓሊዎች ያውቁ ነበረ። ከዚህ ምን እንደሚገኝ አጥብቆ ያሰበው ግን ዱረር ነው።

ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ፣ እንደ አገሩ ባለ እጆች ልማድ፣ በ1490 ከቤቱ ወጥቶ አራት ዓመት ያህል አገር ለአገር ዞረ። ምኞቱ በኮልማር ከተማ ይኖር የነበረውን በመዳብ ቅርጽ የታወቀውን ማርቲን ሾንጋወርን አግኝቶ ከእርሱ መማር ነበረ። በ1492 ኮልማር ሲደርስ ሾንጋወር በ1491 ሞቶ ቆየው። ወንድሞቹ ግን በደስታ ተቀበሉት። ከዚያም በባዝልና በስትራስቡርግ ሠራ። በ1494 ተመልሶ፣ ወላጆቹ ያጩለትን አግነስ ፍራይን በጁላይ 7 ቀን አገባ፤ ጥሎሹም 200 ፍሎሪን ነበረ። ልጅ አልወለዱም። ሠርጉ ጥቂት ወራት ሳያልፈው፣ በከተማው ወረርሽኝ በገባበት ጊዜ፣ ሙሽራይቱን ትቶ ወደ ኢጣልያ ሄደ። በመንገድም የአልፕስን ተራሮችና ሸለቆዎች በውሃ ቀለም ሣለ። ታሪክ ወይም ቅዱስ የሌለበት ሥዕል፣ ተራራው ራሱ ብቻ የሚታይበት፣ በዚያ ዘመን ብዙ የተለመደ አልነበረም።

በ1495 ኑረምበርግ ተመልሶ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባናል። በሌሎች ከተሞች ሠዓሊ የሠዓሊዎች ማኅበር አባል ካልሆነ ሊሠራ አይችልም፤ ማኅበሩም ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚሸጥ ይወስንበታል። በኑረምበርግ ግን እንዲህ ያለ ማኅበር አልነበረም፤ ሥዕል ነፃ ሙያ ሆኖ ይቆጠር ነበረ። ስለዚህ ዱረር የሚያዝዘው አልነበረም፤ በወደቀ ጊዜም የሚያነሣው አልነበረም።

ታዲያ በምን ይኑር? የዘመኑ ሠዓሊ የሚኖረው በትእዛዝ ነበረ። አንድ ባለጸጋ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የመሠዊያ ሥዕል ያዝዛል፤ ሠዓሊው ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይደክማል፤ ሥዕሉ ከእጁ ከወጣ በኋላ ግን ዳግመኛ አንድ ሳንቲም አያገኝበትም። ኅትመት ከዚህ የተለየ ነው። በእንጨት ሲሠራ ሥዕሉ በለሰለሰ ሳንቃ ላይ ይነደፋል፤ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ስፍራ በስለት ተፍቆ ይጎደጉዳል፣ መስመሩም ብቻውን ከፍ ብሎ ይቀራል። ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ሲጫንበት መስመሩ ይታተማል። በመዳብ ደግሞ ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ መስመሩ በብረት ወደ ውስጥ ይቦረቦራል፣ ቀለሙ በቦዩ ውስጥ ይገባል፣ የሰሌዳው ፊት ተጠርጎ ከንጹሕ በኋላ እርጥብ ወረቀት በብርቱ ተጭኖ ቀለሙን ከቦዩ ይመጣል። የእንጨቱ ርካሽና ለብዙ ሰው የሚዳረስ ነው፤ የመዳቡ ረቂቅና ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በሁለቱም ግን ሳንቃውና ሰሌዳው ከሠዓሊው ቤት አይወጣም፤ ገንዘብ ሲያጥር እንደገና ይታተማል። አንዲት ላም አርዶ ከመብላትና አልቦ ከመጠጣት ጋር ብናመሳስለው የገጠር አንባቢዎቻችን ቶሎ ይረዱናል።

በ1498 ዱረር ገና በወጣትነቱ የዮሐንስን ራእይ በ15 ታላላቅ የእንጨት ቅርጾች አሳትሞ በመጽሐፍ አወጣ። በአንዱ እትም ጽሑፉ በላቲን፣ በሌላው በጀርመንኛ ነበረ። ያዘዘው ጌታ አልነበረም፤ ወጪውን ራሱ አወጣ፣ አሳታሚውም ራሱ ሆነ። ሠዓሊ በራሱ ገንዘብና በራሱ ስም መጽሐፍ ሲያወጣ ይህ እጅግ አዲስ ነገር ነበረ። ጊዜውም የተመረጠ ነው፤ 1500 ዓመት እየቀረበ በሄደ ጊዜ ብዙ ሕዝብ የዓለም ፍጻሜ ደርሷል ብሎ ይሠጋ ነበረ። አራቱ ፈረሰኞች ቀስት፣ ሰይፍና ሚዛን ይዘው ሕዝቡን እየረገጡ ሲጋልቡ የሚታዩበት ሥዕል ከዚህ መጽሐፍ ነው። ይህን ሥዕል በመምህራን መጻሕፍት ውስጥ በትንሹ ያየነው ሁሉ፣ ከጥቁር መስመርና ከነጭ ወረቀት በቀር ሌላ ቀለም እንደሌለበት ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

ሽያጩ እንዴት ነበረ ብለን ብንጠይቅ፣ ነገሩ የቤተሰብ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። በ1497 ዱረር ከአንድ ወኪል ጋር ውል ተዋውሏል፤ ወኪሉ ኅትመቶቹን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሊሸጥ ነው። እናቱ ባርባራ በኑረምበርግ ገበያ ትሸጥ ነበረ። ሚስቱ አግነስም በፍራንክፈርት ታላቅ ገበያ የባልዋን ሥራዎች ዘርግታ ትነግድ ነበረ። የዱረር ወዳጅ የነበረ አንድ ሊቅ ከባልዋ ሞት በኋላ አግነስን ንፉግና ጨቅጫቃ አድርጎ ስለ ጻፈባት ስሟ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሯል። እኛ ግን በብርድ ገበያ ቆማ ወረቀት የሸጠችውን ሴት በዚህ ብቻ ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ያን ሁሉ ቅርጽ ወደ እንጀራ የለወጠች አንዷ እርሷ ነችና።

በየሥራው ላይ ዱረር ምልክቱን ያደርግ ነበረ፤ ከስሙ መጀመሪያ ፊደላት ታላቁን ኤ አቁሞ ከእግሮቹ መካከል ዲን ያስቀምጣል። ይህ ምልክት በገበያ እንደ ማኅተም ታወቀ፤ በታወቀም ጊዜ ሌቦች መጡበት። ቫዛሪ የተባለው የሠዓሊዎች ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ማርክ አንቶንዮ ራይሞንዲ የተባለ ኢጣልያዊ ቀራጭ የዱረርን ሥዕሎች ከነምልክታቸው በመዳብ ቀርጾ በመሸጡ ዱረር በቬኒስ ከሰሰው፤ ፍርዱም ሥዕሉን መቅዳት ሳይሆን ምልክቱን ማድረግ ብቻ የሚከለክል ሆነ። በ1512 ደግሞ የኑረምበርግ ምክር ቤት በከተማው አዳራሽ አጠገብ የሐሰት ምልክት ያለባቸውን ሥዕሎች የሚሸጥ አንድ የውጭ አገር ሰው ምልክቱን እንዲያጠፋ ካልሆነም ሸቀጡ እንዲወረስ አዘዘ። ዱረር በ1511 ታላላቅ መጻሕፍቱን በአንድነት ባሳተመ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ለቀማኞች ብርቱ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል፤ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን መብቱን እንደ ጠበቀለትም አስታውቋል። ዛሬ የደራሲና የሠዓሊ መብት በሕግ የታወቀ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ሰው ራሱ መከራከር ነበረበት።

ከ1505 እስከ 1507 ዱረር ዳግመኛ በቬኒስ ኖረ። በዚያ የነበሩ የጀርመን ነጋዴዎች ለቤተ ክርስቲያናቸው የጽጌረዳ አክሊሎች በዓል የሚባለውን ታላቅ የዘይት ቀለም ሥዕል አሠሩት፤ ሥዕሉ ዛሬ በፕራግ ይገኛል። የከተማው ሠዓሊዎች ግን አልወደዱትም፤ ሦስት ጊዜ በዳኛ ፊት አቁመው ለማኅበራቸው አራት ፍሎሪን አስከፈሉት። በቅርጽ እንጂ በቀለም አያውቅም እያሉም ያሙት ነበረ። ሽማግሌው ጆቫኒ ቤሊኒ ብቻ በብዙ ሰው ፊት አመሰገነው፣ ሥራም ሊገዛው ፈለገ። ዱረር ለወዳጁ ለፒርክሃይመር ከዚያ በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ በቬኒስ እንደ ጌታ እንደሚከበር፣ በአገሩ ግን እንደ ጥገኛ እንደሚታይ እያዘነ ይናገራል። በአገሩ ሠዓሊ ከጫማ ሰፊና ከአናጢ ጋር ይቆጠር ነበረና። በ1498 ራሱን በጓንትና በጌጠኛ ልብስ፣ በ1500 ደግሞ ጠጕሩን በትከሻው ጥሎ ክርስቶስ በሚሣልበት አኳኋን ፊት ለፊት የሣለው፣ ትምክሕት ብቻ ሳይሆን ይህንን ንቀት የሚቃወምበት ክርክር ነው ብለን እናምናለን።

ሥዕል በትእዛዝ መሥራት ምን ያህል እንደሚያከስር የተማረው በ1507 እና በ1509 መካከል ነው። ያኮብ ሄለር የተባለ የፍራንክፈርት ባለጸጋ ነጋዴ የመሠዊያ ሥዕል በ130 ፍሎሪን አዘዘው። ዱረር የመካከለኛውን ሰሌዳ ረዳት ሳያስነካ በእጁ ብቻ ሠራ፤ ውድ የሆነውን ሰማያዊ ቀለም ገዛ፤ ደጋግሞ ቀባ፤ ጊዜው አለፈ። ዋጋው ይጨመርልኝ ቢል ነጋዴው ተቈጣ፤ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ተጻጻፉ፤ በመጨረሻም 200 ፍሎሪን ተከፈለው። ዱረር በዚህ ጊዜ ለሄለር የገለጠለት ነገር ግልጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥንቁቅ ሥዕል ትቶ ቅርጹን ቢይዝ ኖሮ 1000 ፍሎሪን በበለጠ ባለጸጋ ይሆን ነበረ። ያን ያህል የተደከመበት ሰሌዳ በ1729 በሙኒክ በእሳት ጠፋ። ለሥዕሉ ዝግጅት በሰማያዊ ወረቀት ላይ በብሩሽ ከነደፋቸው መካከል ግን በ1508 የተሣሉት የሚጸልዩ እጆች ቀርተው በዓለም ሁሉ ታወቁ።

ስለነዚህ እጆች አንድ ተረት በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ዱረር ይማር ዘንድ ወንድሙ በማዕድን ጉድጓድ ሠርቶ እጁ ተሰባብሮ ቀረ፣ ዱረርም ያንን የወንድሙን እጅ ሣለ ይላሉ። ተረቱ ልብ የሚነካ ቢሆንም እውነት አይደለም። ወንድሙ እንድሬስ እንደ አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ሆነ፤ ታናሹ ሀንስም ሠዓሊ ሆኖ በፖላንድ ንጉሥ ቤት ሠርቷል። እጆቹ በሥዕሉ ላይ ከሚጸልዩት ሐዋርያት የአንዱ ናቸው። እውነተኛው ታሪክ የቤተሰብ መሥዋዕት የለበትም አንልም፤ በገበያ የቆሙትን እናትና ሚስት ቀደም ብለን አንሥተናል።

በ1509 ዱረር በከተማው በር አጠገብ ያለውን ታላቅ ቤት ገዛ፤ ቤቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት የኅትመቱ መኸር ናቸው። የእመቤታችን ሕይወት፣ ታላቁ ሕማማትና 37 ሥዕሎች ያሉት ትንሹ ሕማማት በ1511 ወጡ። በ1513 እና በ1514 ደግሞ ሦስቱ ታላላቅ የመዳብ ቅርጾች ተሠሩ፤ ፈረሰኛው ከሞትና ከዲያብሎስ ጋር፣ ቅዱስ ጄሮም በጥናት ክፍሉ፣ እንዲሁም ሜላንኮሊያ የሚባለው፣ ክንፍ ያላት ሴት በሥራ መሣሪያ መካከል ጉንጯን በእጅዋ ደግፋ ስትተክዝ የሚታይበት ነው። በአሲድ በሚበላ ብረት ላይም ስድስት ሥዕል ሠርቶ ሞከረ፤ አልጣመውም መሰለን፣ ተወው።

በዚያው በ1514 በመጋቢት ወር የ63 ዓመት እናቱን በከሰል ሣላት። ግንባሯ ተጨማድዷል፣ ጉንጯ ገብቷል፣ የአንገቷ ጅማት ወጥቷል፤ ልጇ ምንም አልሸፈነም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተች። ዱረር የሞቷን ቀን በራሱ እጅ በዚያው ወረቀት ላይ ጽፎታል። ይህን ሥዕል ለማንም አልሸጠም።

ስለ አውራሪሱ መናገር ደስ ይለናል። በሜይ 1515 ከሕንድ አገር በመርከብ የተላከ አውራሪስ ሊዝበን ደረሰ። የተላከውም ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ነበረ፤ ይኸው ንጉሥ የእኛዋ እቴጌ እሌኒ መልእክተኛዋን ማቴዎስን የላከችለት ነው፤ ማቴዎስም ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነበረ። አውሮፓውያን ከሮማውያን ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ አውሬ በሕይወቱ አላዩም። ዱረርም አላየውም፤ አንድ ደብዳቤና ንድፍ ብቻ ኑረምበርግ ደረሰ። እርሱም ከዚያ ተነሥቶ በእንጨት ቀረጸው። ቆዳውን እንደ ጦር ልብስ በሰሌዳ የተገጣጠመ አደረገው፤ በትከሻውም ላይ ፈጽሞ የሌለ ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። አውራሪሱ ለሮማው ጳጳስ ሲላክ በ1516 መርከቡ ሰጥሞ ሞተ። የዱረር አውራሪስ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ እውነተኛው አውራሪስ ሆኖ ኖረ። አውሬውን በአገራቸው የሚያውቁ ሰዎች ቢያዩት ኖሮ ያችን ትርፍ ቀንድ አይተው መሳቃቸው አይቀርም ነበረ።

ከ1515 ጀምሮ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን በዓመት 100 ፍሎሪን ደመወዝ እንዲከፈለው አደረገ። ዱረርም ከሌሎች ጋር ሆኖ ለንጉሠ ነገሥቱ ክብር ከ190 በላይ ሳንቃዎች የተገጣጠሙበትን፣ ሲዘረጋ ከሦስት ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የድል በር ሥዕል አዘጋጀ። ይህ ከወረቀት የተሠራ በር ነው፤ ማክሲሚልያን የድንጋይ በር የሚያሠራ ገንዘብ አልነበረውምና። በ1519 ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞት የኑረምበርግ ምክር ቤት ደመወዙን አቆመ።

ዱረር 49 ዓመቱ ነበረ። በጁላይ 1520 ከአግነስና ከአንዲት ገረድ ጋር ሆኖ፣ ኅትመቶቹን በሣጥን ጭኖ፣ አዲሱን ንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛን ሊለምን ወደ ኔዘርላንድ ሄደ። የዚህ ጉዞ የወጪ መዝገቡ ተገኝቷል። በየቀኑ ለምግብ፣ ለመርከብ፣ ለጫማ ያወጣውን፣ በቁማር የተበላውን ሳይቀር ጽፏል። ኅትመቱንም እንደ ገንዘብ ይመነዝረው ነበረ፤ ለአንዱ ይሸጣል፣ ለአንዱ ይሰጣል፣ ከሌላው ጋር በሌላ ዕቃ ይለዋወጣል። በአንትወርፕ የከተማው ሠዓሊዎች ታላቅ ግብዣ አደረጉለት፤ በገባ ጊዜም ሕዝቡ እንደ ታላቅ ጌታ ተነሥቶ ቆመለት። በብሩክሴል ከሜክሲኮ የመጣውን የወርቅ ፀሐይና የብር ጨረቃ አይቶ፣ የአንጥረኛ ልጅ ነውና፣ በባዕድ አገር ሰዎች የእጅ ጥበብ እጅግ ተደነቀ። በ1521 የአንድ ፖርቱጋላዊ ነጋዴ አገልጋይ የነበረችውን ካታሪና የተባለች የ20 ዓመት አፍሪቃዊት በዚያው በልጅነቱ መሣያ፣ በብር ጫፍ፣ ሣላት፤ ዓይኖቿን ዝቅ አድርጋለች፣ ሐዘኗም ይነበባል። ሥዕሉ ዛሬ በፍሎረንስ ነው። ከባሕር የወጣ ዓሣ ነባሪ ለማየትም በብርድ እስከ ዜላንድ ሄዶ ሊሰጥም ጥቂት ቀረው፤ ሲደርስ ማዕበሉ ዓሣውን መልሶ ወስዶታል። ከዚያ ያመጣው ነገር ቢኖር እስከ ሞቱ ያልለቀቀውን ንዳድ ብቻ ነው።

ደመወዙ በኖቬምበር 1520 ጸናለት። ሆኖም ሒሳቡን በዘጋ ጊዜ በዚያ አገር ከትልቁም ከትንሹም ጋር ባደረገው ንግድ ሁሉ እንደ ከሰረ መዝግቧል፤ የኔዘርላንድ ገዢ የነበረችው ልዕልት ማርጋሬት እንኳ የሥራዎቹን ሙሉ ስብስብ ተቀብላ ምንም አልሰጠችውም።

በ1524 ለኑረምበርግ ምክር ቤት የጻፈው ደብዳቤ ከሥዕሎቹ ባላነሰ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በድካም ያጠራቀመውን 1000 ፍሎሪን ምክር ቤቱ ተቀብሎ በየዓመቱ 50 ፍሎሪን ወለድ እንዲያስብለት ለመነ። በዚህም ደብዳቤ ቬኒስ በዓመት 200 ዱካት፣ አንትወርፕም በዓመት 300 ፍሎሪንና ቤት ሊሰጡት እንደ ነበረ፣ ለአገሩ ባለው ፍቅር ግን ሁለቱንም እንደ ተወ ገለጠ። በ30 ዓመት ውስጥ ግን ከከተማው ሰው ያገኘው ሥራ 500 ፍሎሪን እንኳ አይሞላም፤ የኖረው ከውጭ በመጣ ገንዘብ ነው። ምክር ቤቱም ልመናውን ተቀበለ። ዝናው በአውሮፓ ሁሉ የተሰማ ሰው እርጅናውን እንዲህ አድርጎ በጽሑፍ መለመኑ ያስገርማል። እኛን ግን ከሁሉ ይልቅ የገረመን፣ ቂም ሳይይዝ በ1526 አራቱን ሐዋርያት የሚባሉትን ታላላቅ ሰሌዳዎች ለዚያው ከተማ በስጦታ ማበርከቱ ነው። ከተማው ግን በ1627 ለባቫርያ መስፍን አሳልፎ ሰጣቸው፤ ዛሬም በሙኒክ ናቸው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብሩሹን ብዙ ጊዜ አስቀምጦ መጽሐፍ ይጽፍ ነበረ። በ1525 ስለ ልክና ስለ ጂኦሜትሪ፣ በ1527 ስለ ምሽግ ሥራ፣ ቀጥሎም ስለ ሰው አካል መጠን ጻፈ። የጻፈውም በላቲን ሳይሆን በአገሩ ቋንቋ ነው፤ በሥራ ቤት ያሉ ብላቴኖች በልማድ ብቻ እንጂ በምክንያት እንደማይማሩ አይቶ ነበረና። ለብዙው የእጅ ሥራ ቃል በጀርመንኛ ስላልነበረ ከአናጢና ከግንበኛ አፍ እየለቀመ አስገባ። የመጨረሻውን መጽሐፍ ታትሞ አላየውም፤ በኤፕሪል 6 ቀን 1528 በ56 ዓመቱ ሞተና በቅዱስ ዮሐንስ መቃብር ተቀበረ። ከ6800 ፍሎሪን በላይ የሚገመት ሀብት ተወ፤ ከኑረምበርግ ባለጸጎች አንዱ ሆኖ ሞተ ማለት ነው።

መጽሐፉን በዚያው ዓመት አግነስ አሳተመችው። በዚያው ጊዜ ሁለት ሰዎች ስለ ፈረስ አካል መጠን የሚናገር መጽሐፍ ሊያወጡ ተነሡ፤ ከባልዋ ሥራ የተወሰደ ነው በመባሉ ምክር ቤቱ የዱረር መጽሐፍ ሳይወጣ እንዳያሳትሙ ከለከላቸው። አግነስ እስከ 1539 ኖረች። የአውራሪሱ ሳንቃ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በተከታዩ መቶ ዓመት በሆላንድ አገር ጭምር ታተመ። በኋለኞቹ ቅጂዎች ላይ እንጨቱ በአውሬው እግሮች ላይ መሰንጠቁ፣ ነቀዝም መብሳቱ ይታያል፤ ከራሱ በላይ ግን ኤ ከነዲዋ እንደ ቆመች ናት።